የእስራኤል የተከተፈ ሰላጣ፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙ እና ከመክተፋችን በፊት ያለው ትልቁ ሥራ

 

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ኮሌስትሮል ላለበት ሰው "አትክልት አብዝተህ ብላ" ስል ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ ይሄ ነው፦ "ዶክተር፣ ጥሬ አትክልት ብሉ ትሉናላችሁ፤ ስንበላ ደግሞ አሜባ ይይዘንና ተመልሰን እናንተው ጋ እንመጣለን። የቱን እንስማ?"

እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥሬ አትክልት ይጠቅማል፤ በደንብ ያልታጠበ ጥሬ አትክልት ደግሞ ያሳምማል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ "አትክልት ብሉ" ብዬ ብቻ አላልፍም። አንድ ቀላል ምግብ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሠራዋለን፦ የእስራኤል የተከተፈ ሰላጣ። እሳት አይፈልግም፣ የጾም ነው፣ በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ደግሞ ሰፈራችሁ ያለ አትክልት ቤት ይገኛል።

ምን ዓይነት ሰላጣ ነው?

እኛ "ሰላጣ" ስንል ቅጠሉንም፣ ተቀላቅሎ የሚቀርበውንም ምግብ ነው። የእስራኤሉ ሰላጣ ግን ቅጠል ሰላጣ የለበትም። ቲማቲም፣ ኪያር (ብዙዎቻችን ኩከምበር የምንለው)፣ ሽንኩርት እና ፐርሰሜሎ በጣም ደቅቀው ይከተፉና በሎሚ፣ በወይራ ዘይትና በጨው ይለወሳሉ። አንዳንዱ የፈረንጅ ቃሪያ፣ አንዳንዱ ካሮት ወይም ናና ይጨምርበታል። በዕብራይስጥ "ሳላት ካጹጽ" ይሉታል፤ የተከተፈ ሰላጣ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ እስራኤላውያን ራሳቸው ብዙ ጊዜ "ሳላት አራቪ" (የአረብ ሰላጣ) ብለው ይጠሩታል። ፍልስጤማውያን ቀድሞውንም የሚሠሩት ምግብ ነውና። ቱርኮች ተመሳሳዩን "የእረኛ ሰላጣ" ይሉታል፣ ኢራኖች በሺራዝ ከተማ ስም ይጠሩታል፣ ጎረቤታችን ኬንያ እንዲሁም ታንዛኒያ ደግሞ "ካቹምባሪ" የሚሉት ዘመድ አለው። የእኛ የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያም ከዚሁ ቤተሰብ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ እስራኤሎች በምን ይለያሉ? በሰዓቱና በመጠኑ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተመሠረቱት ኪቡጽ በሚባሉት የጋራ እርሻዎች ሠራተኛው ገና ሳይነጋ ማሳ ይወርዳል፤ ከዚያ ለቁርስ ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ የራሳቸው እርሻ ቲማቲምና ኪያር እንዳለ ይቀመጥና እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ከትፎ፣ ከእንቁላል፣ ከአይብና ከዳቦ ጋር ይበላል። ልማዱ ከኪቡጽ ወጥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ሆቴል ብታድሩ ጠዋት ይሄን ሰላጣ ታገኙታላችሁ። እኛ ጋ ሰላጣ ከእንጀራው ጥግ ላይ ሁለት ማንኪያ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ሙሉ ሳህን ነው። ከጤና አንጻር ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ ይሄን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ለእናንተ ደግሞ ታች ላይ የምለው አለኝ።

ለጤና ምን ይጠቅማል?

1. መጠኑ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ሁለት ማንኪያ ሰላጣ እዚያ አያደርሰንም። ከታች የምሰጣችሁ መጠን ግን ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 350 ግራም ይጠጋል። በአንድ ሳህን የቀኑን አብዛኛውን ጨረሳችሁ ማለት ነው።

2. ያጠግባል፣ አያወፍርም። ቲማቲምና ኪያር ወደ 95 በመቶው ውሃ ናቸው። 100 ግራም ቲማቲም 18 ካሎሪ ገደማ ነው ያለው። እዚህ ሰላጣ ውስጥ ካሎሪው የሚመጣው ከዘይቱ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ ዘይቱን በማንኪያ ለኩት፤ ከጠርሙሱ ዝም ብላችሁ አታንቆርቁሩት።

3. ዘይቱ ግን ሥራ አለው። ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን እና ካሮት ውስጥ ያለው ቤታካሮቲን የሚሟሙት በስብ ነው። ያለ ምንም ቅባት ከበላናቸው አንጀታችን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው። የወይራ ዘይት ውድ ነው ለምትሉ፣ ለዚህኛው ሥራ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይትም ይበቃል።

4. ደም ማነስ ላለባቸው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ ውስጥ ያለው አይረን በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲኖር ግን የተሻለ ይገባል። የፈረንጅ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ፐርሰሜሎ እና ሎሚ ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ ጥሬ ስለሆኑ ደግሞ እሳት አላጠፋባቸውም። ሰላጣውን ከምስሩ ጋር አብራችሁ ብሉ። ቡናና ሻይ አይረኑን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩአቸው።

5. ስኳር ላለባቸው። አትክልቱን መጀመሪያ፣ እንጀራውን ወይም ዳቦውን ቀጥሎ መብላት ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ለዘብ እንደሚያደርገው ጥናቶች አሳይተዋል። ሰላጣውን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ቀላል ልማድ ነው፣ ምንም አያስወጣም።

አደራ፣ ይሄ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። "ሰላጣ ጀምሬያለሁ" ብሎ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ማቆም አደገኛ ነው።

እስራኤል ላላችሁም፦ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄደው ማኅበረሰብ ውስጥ የስኳር በሽታ ከሄዱ በኋላ በጣም መጨመሩ በሐኪሞች ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። የአመጋገብ ለውጥና የእንቅስቃሴ መቀነስ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሰላጣው አጠገብ ነጭ ዳቦ፣ ፒታ እና ጣፋጭ መጠጥ ከተደረደረ ሰላጣው የእነሱን ጉዳት አያጥበውም። ከአገሩ ምግብ ሰላጣውን ውሰዱ፣ ለስላሳውን ተዉት።

"ሎሚ ስላለበት ጀርሙን ይገድለዋል" እውነት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

አሜባና ጃርዲያ አትክልቱ ላይ የሚገኙት ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ነው፤ እኛ ሲስት እንለዋለን። ሰው የሚታመመው ይህ ሲስት በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን በሰላም አልፎ፣ አንጀት ውስጥ ሲፈለፈል ነው። እስቲ አስቡት፦ ባዶ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ በፒኤች መለኪያ ከ1 እስከ 2 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 አካባቢ። የጨጓራችንን አሲድ ተቋቁሞ የሚያልፍ ነገር፣ ሰላጣው ላይ የጠብታ ያህል ተረጭቶ በቲማቲም ውሃ በቀጠነ ሎሚ ይሞታል ብሎ ማመን አይቻልም።

ሎሚም ሆነ አቼቶ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሊቀንስ ይችላል። ለሲስትና ለወስፋት እንቁላል ግን ልንተማመንበት አንችልም። ሎሚው ለጣዕምና ለቫይታሚን ነው። የማጽዳቱ ሥራ የሚያልቀው ቢላዋ ከማንሳታችን በፊት ነው።

አትክልቱን እንዴት እንጠብ?

ሀ. እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ 20 ሴኮንድ እጠቡ። በጣም ንጹሕ አትክልት እንኳ ከሽንት ቤት የመጣ ያልታጠበ እጅ ይበክለዋል።

ለ. ከመከተፉ በፊት፣ ሙሉውን እጠቡ። ሳይታጠብ ከተከተፈ ቢላዋው ከላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ደግሞ ቫይታሚኑን ያጥበዋል እንጂ ጀርሙን በደንብ አያስለቅቅም።

ሐ. እየፈሰሰ ባለ ውሃ ሥር እያንዳንዱን በእጅ እሹት። ሲስቱን የሚያስለቅቀው ማሸቱ ነው፤ ሳህን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት በቂ አይደለም። ውሃ ከጠፋ አንድ ሰው በጆግ ያፍስስላችሁ። የቲማቲሙን እንብርትና የቃሪያውን ግንድ አካባቢ አትርሱ፤ አፈር የሚደበቀው እዚያ ነው።

መ. የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ውሃችሁ የምትጠራጠሩት ከሆነ (ከጉድጓድ፣ ለረጅም ጊዜ ካልታጠበ ሮቶ፣ ወይም ከፈረቃ በኋላ ደፍርሶ የመጣ) ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ። ከፋርማሲ የሚገዛ የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም አለ፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። ክሎሪን ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፤ ሲስት ግን ክሎሪንን ስለሚቋቋም ማሸቱና መላጡ አይቀርም።

ሠ. ልጣጭ ያለውን ላጡ። እስራኤል ያለው ኪያር ትንሽና ቆዳው ስስ ስለሆነ አይላጡትም። እኛ ገበያ የሚገኘው ትልቁ ኪያር ቆዳው ወፍራም ነው፤ ታጥቦ ይላጥ። ካሮትም እንደዚሁ። ትንሽ ፋይበር እናጣለን፣ ብዙ ደኅንነት እናተርፋለን።

ረ. ፐርሰሜሎ ለብቻው ይታጠብ። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። እስሩን ፍቱት፣ የበሰበሰውን ልቀሙ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በብዙ ውሃ አራግፉት። ውሃውን ድፉና ሳህኑ ሥር አፈር እስኪጠፋ ደጋግሙ፤ ከዚያ በሚፈስ ውሃ አለቅልቁ። ጊዜ ከሌላችሁ ወይም ካላመናችሁት ተዉት፤ ሰላጣው ያለ ፐርሰሜሎም ይጣፍጣል። ይህን ሰላጣ ከመረጥኩበት ምክንያት አንዱም ይሄ ነው፦ ለስላሳ ቆዳ ያለው ቲማቲም፣ እጥፋት ከበዛበት ቅጠል ሰላጣ ይልቅ ለማጠብ በጣም ይቀላል።

ሰ. በረኪና ቀጥታ አታፍስሱበት፤ በኦሞ ወይም በሳሙናም አትጠቡት። አትክልት ይመጥጠዋል፤ ማለቅለቅ ሙሉ በሙሉ አያወጣውም።

ሸ. ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ አይሁን። ቤታችሁ አንድ መክተፊያ ብቻ ካለ መጀመሪያ ሰላጣውን፣ ቀጥሎ ሥጋውን። በመጨረሻም በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማጠብ የሚያወጣው ከላይ ያለውን ነው። በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ የለማ አትክልት ውስጡ የሚገባው ከባድ ብረት አይታጠብም። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ አትክልቶች ላይ ይህ ታይቷል፤ ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ ይብሳል። ከተቻለ አትክልቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

አሠራሩ (ለሁለት ሰው)

የሚያስፈልገው፦
- ጠንከር ያለ ቲማቲም፣ መካከለኛ 3
- ኪያር፣ ትንሽ 2 ወይም ትልቅ ግማሽ
- የፈረንጅ ቃሪያ፣ 1
- ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽ ግማሽ
- ፐርሰሜሎ፣ አንድ እፍኝ
- የእኛ ትንሿ ሎሚ፣ 1 ወይም 2
- ዘይት፣ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ
- ቁንዶ በርበሬ፣ እንደ ፍላጎት

1. ታጥቦ ያለቀውን አትክልት በንጹሕ ፎጣ አድርቁት። እርጥብ ከሆነ ሰላጣው ውሃ ይሆናል።

2. መጀመሪያ ኪያሩን፣ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ክተፉ። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። የዚህ ሰላጣ ጥበቡ መድቀቁ ነው፤ እያንዳንዱ ማንኪያ ላይ ሁሉም አትክልት ይገኛል።

3. ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ ክተፉ፤ ጭማቂው ቶሎ ይወጣልና። ጥርስ ያለው ቢላዋ ሳይጨፈልቅ ይቆርጠዋል። በጣም የበሰለ ቲማቲም ለወጥ አስቀምጡት።

4. ፐርሰሜሎውን አድቅቃችሁ ጨምሩ።

5. ልትበሉ ስትሉ ዘይቱን፣ ሎሚውን፣ በመጨረሻም ጨውን ጨምራችሁ በቀስታ አዋህዱ። ጨው ከአትክልቱ ውሃ ይስባል፤ ቀድሞ ከገባ ሳህኑ ሥር ሾርባ ታገኛላችሁ።

ስለ ጨው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ ወጡና ዳቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ። ግፊት ያለባችሁ ሎሚውን ከፍ፣ ጨውን ዝቅ አድርጉ። ሎሚው የጨውን ቦታ በደንብ ይሸፍናል።

ስለ ማቆየት፦ ሠርታችሁ ወዲያው ብሉት። አትክልት ሲቆረጥ ጭማቂው ይወጣል፤ ለባክቴሪያ ምቹ መራቢያ ነው። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ጣሉት። ለምሳ ቢሮ የምትወስዱ ከሆነ አትክልቱን አጥባችሁና አድርቃችሁ ሙሉውን ያዙ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ክተፉት። ኪቡጽ ውስጥ እያንዳንዱ ለራሱ ይከትፍ የነበረው ልማድ ለጤናም አዋቂነት ነው።

ማን ይጠንቀቅ?

- ነፍሰ ጡሮች፦ አፈር ያልለቀቀው አትክልት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ጽንሱንም ይጎዳል። አትክልት አትተዉ፤ ቤት ውስጥ ራሳችሁ ያጠባችሁትን ብቻ ብሉ።
- የመከላከል አቅማቸው የቀነሰ፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፦ ጥሬ ከመብላታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የበሰለ አትክልትም ይጠቅማል።
- የኩላሊት ሕመም ኖሯችሁ ፖታሲየም ቀንሱ የተባላችሁ፦ ቲማቲም ፖታሲየም አለው፤ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።
- ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የምትወስዱ፦ ፐርሰሜሎ ብዙ ቫይታሚን ኬ አለው፤ ድንገት አታብዙት።
- ቃርና ጨጓራ የሚያስቸግራችሁ፦ ሽንኩርቱንና ሎሚውን ቀንሱ፣ ቲማቲሙን ግማሽ አድርጉና ኪያሩን አብዙ።

ከበላችሁ በኋላ ከታመማችሁስ?

ደም ወይም ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የሽንት መቀነስ ወይም ከሦስት ቀን ያለፈ ተቅማጥ ካለ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሦስት ቀን አትጠብቁ። እስከዚያ ኦአርኤስ በጥብጣችሁ ጠጡ።

እባካችሁ "አሜባ ነው" ብላችሁ ሜትሮኒዳዞል ከፋርማሲ አትግዙ። ሆድ ቁርጠት ሁሉ አሜባ አይደለም፤ ትኩሳቱ ታይፎይድ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ያለ ምርመራ የተወሰደ መድኃኒት ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ያዘገየዋል። የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው፦ የቱንም አትተዉ። ከ20 ደቂቃው ውስጥ 10ሩን ለማጠብ ስጡት፤ የቀረው መክተፍ ነው። ቤታችሁ የሚያበስለው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፣ በተለይ የሎሚውን ክፍል። ለወዳጅ ዘመዶቻችሁም ሼር አድርጉ።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ አቅም እመልሳለሁ። መልካም ገበታ፣ ጤና ይብዛላችሁ!